ቀይና ቢጫዋ ፍሬ

የመጀመሪያው ምልክት የእግር እብጠት ነበር። አባቴ ለገብስ ሲያርሱ ማረሻው የቀኝ እግራቸውን ጣቶች ገሸለጣቸው፤ በሦስተኛው ቀን እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ አለ። ቅዳሜ ከደብረ ታቦር ወደ ቤት ስሄድ ቁስሉ ቀልቶ፣ ሲነኩትም ይፋጅ ነበር።

እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ባክቴሪያ መድኃኒትን እንዴት እንደሚለምድ ሰሌዳ ላይ እየሣልኩ አስተምራለሁ። በቦርሳዬ ግን ለጥርሴ ታዝዞልኝ፣ ሕመሙ ሲተወኝ ያቋረጥኩት አሞክሳሲሊን ነበር። ዘጠኝ ፍሬ፣ ቀይና ቢጫ። ስድስቱን ጠዋትና ማታ አንዳንድ እንዲውጡ ሰጠኋቸው። ሦስቱን ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት፤ በእኛ ሰፈር ብዙ ሰው እንዲህ ያደርጋል። ዱቄቱ ደርቆ ቁስሉን ሸፈነው። የዳነ መሰለን። ከሥሩ ግን መግል ይቋጥር ነበር።

ፍሬዎቹ ባለቁ ማግስት ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ጀመራቸው። ሆስፒታል ተኙ። የተቀበለችን ነርስ፣ ሲስተር እናኑ፣ ከመምጣታቸው በፊት የወሰዱት መድኃኒት እንዳለ ጠየቀችኝ። ምንም የለም አልኳት። በቁስሉ ጠርዝ የተጋገረውን ነጭ ነገር አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀች። አፈርኩ። ከገዳም የመጣ እምነት ነው፣ የተባረከ አፈር ነው አልኳት። አባቴ በትኩሳት ደንዝዘው አልሰሙኝም። ያልኳትን ጻፈች። ሐኪሙም በዚያው መሠረት ሴፍትሪአክሶን አዘዘ።

ሦስት ቀን ተወጉ። ትኩሳቱ አልወረደም። ሁለት ጣቶች ጠቆሩ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አባቴ ትንሽ ነቃ አሉ። ሲስተር እናኑ ቁስሉን እያጠበች እምነቱን ስንት ጊዜ እንደተቀቡ ጠየቀቻቸው።

«እምነቱንማ ግንባሬን ነው የተቀባሁ» አሉ። «እግሬ ላይ ያለው ይኸ ልጄ ፍሬውን ከፍቶ የነሰነሰልኝ ነው። መምህር አይደል፣ ያውቃል ብዬ።»

«ቀለሙ ምን ነበር፣ አባቴ?»

«ቀይና ቢጫ። የዋጥሁትም እሱኑ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። አልተቆጣችም።

«መምህር፣ እኔ የምጠይቀው ለመክሰስ አይደለም» አለችና መዝገቡ ላይ «እምነት» የሚለውን ሰርዛ «አሞክሳሲሊን» ብላ ጻፈች።

ወዲያው ሐኪሙን ጠርታ፣ መድኃኒቱ ከመቀየሩ በፊት ከቁስሉ ናሙና ለካልቸር እንዲላክ ጠየቀች። ካልቸር ማለት ተሕዋሱን አሳድጎ የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው መለየት ነው። ናሙናው እንደተወሰደ ሐኪሙ ወደ ክሊንዳማይሲን ቀየረ። በኋላ የመጣው ውጤትም ተሕዋሱ የቀድሞዎቹን ሁለቱንም እንደሚቋቋም አሳየ።

ለጣቶቹ ግን ዘግይቶ ነበር። ሐኪሙ «ሁለቱ ይቆረጣሉ» አለኝ። በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብናገር ኖሮ ይተርፉ እንደነበር ጠየቅሁት። «አላውቅም» አለ። እስከዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ «አላውቅም» ነው።

ከቀዶ ጥገናው በኋላ ትኩሳቱ ወርዶ አባቴ ተቀምጠው አጥሚት መጠጣት ሲጀምሩ፣ መድኃኒቱ ከመርፌ ወደሚዋጥ ሊቀየር ይችል እንደሆነ ሐኪሙን ያስታወሰችው ሲስተር እናኑ ነበረች። ከሆስፒታል ስንወጣም ማንበብ ለማይችሉት አባቴ በመድኃኒቱ ካርቶን ላይ ለጠዋት ዶሮ፣ ለቀትር ፀሐይ፣ ለማታ ጨረቃ ሥላ ሰጠቻቸው። «ሕመሙ ቢተውዎም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ» አለቻቸው፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ ነበር።

አመሰግናታለሁ፤ ሳመሰግናት ግን አፍራለሁ። ነርስ ሐኪም ያዘዘውን ብቻ የምትወጋ ትመስለኝ ነበር። መድኃኒት ኃይሉን እንዳያጣ በር ላይ ቆማ የምትጠብቅ መሆኗን፣ መሣሪያዋም ጥያቄዋ እንደሆነ አላወቅሁም ነበር። እናንተም በሽተኛ ይዛችሁ ስትሄዱ ለነርሷ እውነቱን ንገሯት፤ ስሙን ባታውቁት ቀለሙን ንገሯት። የተረፈ ፍሬ ለማንም አትስጡ፣ ለምትወዱት ሰው ደግሞ በተለይ።

አባቴ ዛሬ የሚያርሱት እያነከሱ ነው። ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ጣቶቼን ማረሻ ወሰዳቸው» ይላሉ። እኔም አጠገባቸው ቆሜ፣ እስከዛሬ አላረምኳቸውም ነበር፤ ይኸው አሁን ተናገርኩ።