የቀኙ መርገጫ

ይህ ነገር የደረሰብኝ የባቡሩ ሐዲድ ወደ ቃሊቲ ሲዘረጋ፣ መንገዱ ሁሉ ተቆፋፍሮ ከሳሪስ ወዲህ ያለን ሰዎች አቧራ ቁርሳችን በነበረበት ጊዜ ነው። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ለሰው ብነግረው «ታዲያ ምን አለው?» ይለኛል። በቅርቡ አንድ የመኪና ደላላ መኪናዬን ዞር ዞር ብሎ አይቶ የጠየቀኝ ጥያቄ ግን እንደገና ቀሰቀሰብኝ።

እህል ነጋዴ ነኝ። ከአቃቂ ማዶ ካሉ ገበሬዎች ጤፍና ሽምብራ እየገዛሁ ቃሊቲ ወዳለው መጋዘኔ አስገባለሁ። የዚያን ክረምት ደብል ጋቢና ፒክአፔን ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ድንጋይ መታትና ከበሩ ሥር ያለው ላሜራ ተጨማደደ። በሩን ለመዝጋት ትከሻ ይጠይቅ ጀመር። የጎን መከላከያ ብረት ላሠራላት ብዬ መንገድ ዳር ወዳለ በያጅ ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ይባላሉ፤ ጸጉራቸው ነጭ፣ ምላሳቸው ስል ነው።

ሁለት ዓይነት ብረት አሳዩኝ። አንዱ ወፍራም ቱቦ ነው፤ ወደ ላይ ተጠግቶ ከሻንሲው ጋር ይበየዳል። ድንጋይ ይመክታል፣ ለመርገጫ ግን አይሆንም። ሌላው ወደ ታች ወረድ ብሎ ጠፍጣፋ መርገጫ ያለው ነው። ሰው ያወጣል፣ ጭቃ መንገድ ላይ ግን ያገኘው ድንጋይ ሁሉ ይነካዋል።

«ከፍ ያለውን» አልኩ። «እኔ የምጭነው ጆንያ ነው። ጆንያ ደረጃ አይጠይቅም።»

ጋሽ ደምሴ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አዩ። ከፊተኛው ወንበር ጎን ምርኩዝ ተጋድሟል።

«እናት አለችህ እንዴ?»

«አለችኝ» አልኩ። ከአፌ እንዴት እንደወጣ አላውቅም።

እናቴ ከሞተች ዓመት አልሞላትም ነበር። እኔና እሷ ብቻ ነበርን ቤት ውስጥ። በዚህች መኪና የተሳፈረችው አንድ ጊዜ ነው። ሐኪም ቤት ልወስዳት ብድግ ሳደርጋት «ቀስ! ጆንያህ ነኝ እንዴ? ሰው ያያል!» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ስመለስ አብሮኝ የመጣው ምርኩዙ ብቻ ነው። ከቦታው አላነሳሁትም። መንገዱ ሲያንገጫግጨን በሩን ኳ ኳ ያደርጋል፤ እኔም «ደረስን» እለዋለሁ።

«እንግዲያው እሷን ሳላይ ብረት አልቆርጥም» አሉ ጋሽ ደምሴ። ደንባቸው ነው። የመርገጫ ቁመት የሚለኩት በቤቱ ትልቅ ሰው እግር ነው። «ነገ ይዘሃት ና።»

«ነገ ይመቻት እንደሆነ…»

«ስንት ዘመን አዝላህ የለም? አንድ ቀን ብታመጣት ምን ትሆናለህ?»



በማግሥቱ ከቤት የወጣሁት የሞተች እናቴን «አሟታል» ለማለት እየተለማመድኩ ነው። ታክሲ ተራው ጋ ስደርስ አንዲት አሮጊት ዘንቢል ይዘው ቆመዋል። ታክሲዎቹ መንገዱ ተቆፍሯል፣ ገላን አንገባም እያሉ ጥለዋቸው ያልፋሉ። ቆምኩ።

«እማማ፣ ወዴት ነው?»

«ገላን ኮንዶሚኒየም። ልጄ ቤት ደርሷት እዚያ ነው ያለነው።»

«ይግቡ፣ አደርስዎታለሁ። በያጅ ጋ ብቻ ለአንድ አፍታ ጎራ እንላለን።»

መኪናዋን ከታች እስከ ላይ አዩዋት። «ይሄማ ፈረስ ነው! እርካቡ የታለ?» ላነሳቸው እጄን ስዘረጋ ወደ ኋላ ሸሸት አሉ። ነገሩ ገባኝ። መኪናዋን ለመንገዱ ሥራ ከተደረደረው ድንጋይ ጋር አስጠጋሁላቸው፤ በድንጋዩ ላይ ወጥተው ማንም ሳይነካቸው ገቡ። ምርኩዙን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት።

ጋሽ ደምሴ ገና ሲያዩን መዶሻቸውን ጥለው መጡ። «እናታችን! እንኳን ደህና መጡ!» እያሉ በሩን ከፈቱ።

«እሳቸው እኮ…» ብዬ ጀመርኩ። አሮጊቷ አየት አደረጉኝ። ወርጄ ወደ እሳቸው በር ዞርኩ።

ጋሽ ደምሴ ከበሩ ሥር ብሎኬት አኖሩ። «እስቲ ይርገጡት። ልጅዎ ድንጋይ እንዳይነካብኝ ከፍ ይበል እያለ ነው።»

እማማ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ፣ ሌላውን ምርኩዙ ላይ አድርገው ወረዱ። መልሰው ወጡ። ትንፋሻቸውን ሰበሰቡና «ዝቅ ይበል» ብለው ፈረዱ።

«እማማ፣ ዝቅ ካለ እኮ ድንጋይ ይመታዋል።»

«ድንጋዩን ዞረህ እለፋ! ያንተስ ጉልበት አያረጅም?»

ጋሽ ደምሴ ከት ብለው ሳቁና በጠመኔ አሰመሩ። ስንት ገበሬና ስንት ደላላ ተከራክሬ የረታሁ ሰው፣ ከመንገድ ባነሳኋቸው ሴት ተረታሁ። ደግሞ ደስ አለኝ። ትከሻዬን ሰው ከያዘው ብዙ ጊዜ ሆኖት ነበር።

ጉዟችንን ወደ ገላን ቀጠልን። መኪናዋ ስትቆም «እናትህ መቼ ሞተች?» አሉኝ።

ደነገጥኩ። «ማን ነገረዎት?»

«ሰው በሕይወት እያለ ምርኩዙን መኪና ውስጥ ጥሎ አይውልም።»

ምርኩዙን ወደ ቦታው መለሱ። ትከሻዬን ተደግፈው ወረዱ። «ብረቱ ሲያልቅ አምጥተህ አሳየኝ እሺ» ብለው በሕንጻዎቹ መሃል ገቡ። ስማቸውን እንኳ አልጠየቅኩም።

ብረቱ እንዳለቀ በቀጥታ ወደ ገላን ነዳሁ። ሕንጻዎቹ ሁሉ አንድ መልክ ናቸው፣ ቁጥር እንኳ ገና አልተጻፈባቸውም። ጥበቃውን «ዘንቢል የያዙ አሮጊት» ብዬ ብጠይቀው «ዘንቢል ያልያዙት የትኞቹ ናቸው?» አለኝ። ደጋግሜ ሄድኩ። አላገኘኋቸውም። በዚያ ታክሲ ተራ ሳልፍ ዛሬም ፍጥነት እቀንሳለሁ።

ደላላው ያለኝ እንዲህ ነው፤ «የግራው መርገጫ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ወጥቷል፣ የቀኙ ግን እንደ አዲስ ነው። በቀኝ ጎን ተጋጭታ ቀይረሃል አይደል? እውነቱን ንገረኝ።»

«አልተጋጨችም» አልኩት።

አላመነኝም፤ እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም። ሰው ስላልረገጠው ነው ይባላል?

መኪናዋን አልሸጥኳትም። ብረቱ ዝቅ ያለ ስለሆነ ድንጋይ ሳይ ዞሬ አልፋለሁ። ስዞር ምርኩዙ ይንሸራተትና በሩን ኳ ያደርጋል። «ደረስን» እለዋለሁ።