ጥንዚዛዬ ሐይቅ የገባችበት ቀን

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ወጣት እንግዳ ቤቴ መጥቶ ነበር። ዮናስ ይባላል፤ ከአዲስ አበባ በሥራ ከመጣ ዓመት ያልሞላው፣ በትምህርቱ ኢንጂነር የሆነ ጨዋ ልጅ ነው። ምሳ በልተን ስናበቃ ከቦርሳው የመነጽር ማኅደር የምታክል ነገር አወጣና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋት። ድሮን ናት። ክንዶቿ እንደ አንበጣ እግር ይታጠፋሉ። «ጋሼ፣ ይቺ እኮ ባትሪዋ ሊያልቅ ሲል ራሷ ተመልሳ ከተነሣችበት ታርፋለች» አለኝ፣ ልክ እንደማላውቅ ሰው። ፈገግ አልኩ። እዚህ ስዊድን፣ ከእኔ ሰፈር ከኡፕላንድስ ቬስቢ እስከ ሁዲንጌ፣ ባቡሩ በሚሄድበት መስመር ሁሉ፣ ከእኔ በፊት ካሜራ ያዘለ ባለ አራት ክንፍ በገዛ እጁ ሠርቶ ያበረረ ሐበሻ ካለ ይምጣና ይንገረኝ። እስካሁን የመጣ የለም።

ከዚያ የልጁ ዓይን ግድግዳው ላይ አረፈ። ከቤተሰቤ ፎቶዎች መሀል ከሰማይ ወደ ታች የተነሣ አንድ ፎቶ አለ። ሣር ላይ ሁለት ሰዎች ጥብቅ ብለው ተቃቅፈዋል፤ አንዱ ባርኔጣ አድርጓል፣ ሌላው የዋና ቁምጣ ብቻ የለበሰ ነጭ ሰው ነው።

«እነዚህ ምን ያህል ቢዋደዱ ነው!» አለ ዮናስ።

«ቁጭ በል» አልኩት።

ሌላው ሰው ወጣትነቱን በሃያዎቹ ይጨርሳል። የእኔ የጀመረው ወደ ሃምሳ ስጠጋ ነው፤ በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ገደማ። ያን ጊዜ የአንድ ትልቅ ሆስፒታል ወጥ ቤት ውስጥ ሳህን አጥብ ነበር። ከሥራ ስወጣ እጄ በሳሙና እንደተጨማደደ ቤተ መጻሕፍት እገባና ኮምፒውተር ላይ እቀመጣለሁ። ስለ ሞተር፣ ስለ ባትሪ፣ ሚዛን ስለሚጠብቀው ጋይሮ ስለሚባል ነገር ያላነበብኩት አልነበረም። የማይገባኝን እንግሊዝኛ ደጋግሜ እያነበብኩ በግድ እንዲገባኝ አደርገዋለሁ። አስተማሪ አልነበረኝም። ክንዶቿን ከተጣለ የመስኮት አሉሚኒየም ቆረጥኩ፤ እግሮቿን ከፕላስቲክ ቱቦ አጠፍኩ። ስትነሣ ከሚሰማው ድምፅ የተነሣ ጋሼ ታደሰ «ጥንዚዛ» አሏት፤ ስሟ ሆኖ ቀረ።

ጋሼ ታደሰ በሱዳን በኩል ተሰደው የመጡ፣ በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል የሚበልጡኝ ጎረቤቴ ነበሩ። ስዊድንኛ ከሰላምታ አያልፉም፤ አዲስ አበባ ሳሉ ግን ሰፈራቸው ውስጥ ጠብ በተነሣ ቁጥር ሮጦ መሀል የሚገባው ሰው እሳቸው እንደነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። እኔን «ኢንጂነሩ» ይሉኛል። ግማሹ ፌዝ ነበር። ግማሹ ግን አልነበረም።

ጥንዚዛ እንደዛሬዎቹ ራሷ ቤቷን አታውቅም። አእምሮዋ እኔ ነበርኩ። አየር ላይ ሳለች ዓይኔን ለአፍታ ከነቀልኩ የትኛው ፊቷ የትኛው ጀርባዋ እንደሆነ ይጠፋኛል፤ ከጠፋኝ ደግሞ አለቀላት። ከሆዷ ሥር ያሰርኩት ካሜራ በየጥቂት ሰኮንዱ ራሱ ያነሣል፤ ምን እንዳየች የማውቀው ግን ካረፈች በኋላ ነው። ባትሪዋ ቶሎ ያልቅ ስለነበር በቲማቲም ቅርጽ የተሠራች የወጥ ቤት ሰዓት በክር አንገቴ ላይ አንጠለጥላለሁ። ሰዓቷ ከጮኸች ሌላ ነገር ማሰብ የለም፣ ማውረድ ነው። ባቡር ላይ እንዳትንገጫገጭብኝ ደግሞ በሕፃን ጋሪ ውስጥ አስተኝቼ ብርድ ልብስ አለብሳታለሁ። የጋሪው ስፕሪንግ ለሕፃን ከበቃ ለሞተርም ይበቃል ብዬ ያሰብኩት እኔው ነኝ። አንድ ጊዜ አንዲት አሮጊት ሕፃኑን ሊያዩ ጎንበስ ብለው ብርድ ልብሱን ገለጥ አደረጉና አራት ክንፍ አይተው ሳይናገሩ ቦታ ቀየሩ።

ሰው ግን አልወደዳትም። ቬስቢ ሜዳ ላይ አንድ ባለውሻ ሰውዬ «ማንን ነው የምትሰልለው?» ብሎ ዕቃዬን ሰብስቤ እስክሄድ ድረስ አጠገቤ ቆሟል። ሌላ ቀን ከጫካው ዳር የጥድ ፍሬ ተወርውሮብኛል፤ ማን እንደወረወረ አላየሁም። ከዚያ ወዲህ የሰው እግር ኮቴ በሰማሁ ቁጥር መዳፌ ያልበኝ ጀመር። መላም ያገኘሁለት ራሴ ነኝ። መንገድ ሠራተኞች ከሚለብሷቸው ቢጫ አንጸባራቂ ሰደርያዎች አንዱን ገዛሁ። እሱን ከለበስክ ስዊድናዊ ሥራ ላይ ነህ ብሎ ያስብና በሰላም ያልፍሃል። ሥራ ላይ ያለን ሰው የሚያስቸግር የለም።

ያን ቀን ግን ሞቃት ነበርና ሰደርያውን ቤት ትቼው ወጣሁ።

ጾመ ፍልሰታ ነበር፣ የነሐሴ ዓርብ። ጋሼ ታደሰ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቤት ተቀምጬ ግድግዳ ከማይ» ብለው አብረውኝ መጡ። ምስር ሳምቡሳ በፎጣ ጠቅልለዋል። ከሁዲንጌ ጣቢያ አውቶቡስ ይዘን፣ ከዚያ ጥዱ መሀል በምታልፍ ጠባብ መንገድ ጋሪውን እየገፋን ሐይቁ ዳር ደረስን። ዳርና ዳሩ ብሎቤር በሚሉት የዱር ፍሬ ቁጥቋጦ ተሸፍኗል፤ ፍሬው ጠቁሯል፤ ጋሼ እያዩ ምራቃቸውን ይውጣሉ። ሐይቁ ዳር አንዲት ሣር የለበሰች ገላጣ ቦታ አለች፤ የቀረው ጫካ ነው። ከወዲያኛው ጫፍ ጥቂት ቤተሰቦች ይዋኛሉ፤ ፍም ላይ የሚጠበስ ቋሊማ ሽታ ይመጣል።

«ይሄ ሽታ ራሱ ጾም ያስገድፋል» አሉ ጋሼ፣ አፍንጫቸውን በባርኔጣቸው ሸፍነው።

ጥንዚዛን አስነሣኋት። እንዴት አድርጋ እንደወጣች! ቀጥ ብላ፣ ሳትወላውል፣ ከጥዶቹ ጫፍ በላይ። ውኃው ከላይ ምን እንደሚመስል ለማየት የበረዶውን ክረምት ሙሉ የለፋሁላት ቀን ያ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«አንተ! ምንድን ነው የምታነሣው?»

ዞሬ ማየት አልችልም። «አንድ ጊዜ፣ እባክህ፣ ላውርዳትና» አልኩ ዓይኔን ሰማይ ላይ ተክዬ። ሰውዬው የናቅሁት መሰለው። ቀረበ። ከውኃ የወጣ ስለነበር የእርጥብ እግሩ ድምፅ ሣሩ ላይ ይሰማኛል።

«ስናገርህ እየኝ! እዚያ ልጆቼ ራቁታቸውን ይዋኛሉ። ካሜራ አለው አይደል?»

«አለው፣ ግን...»

«አለው ይላል!» ብሎ ለሌሎቹ ጮኸ። ሌሎቹም መጡ። በዓይኔ ጥግ ፎጣና እግር ብቻ ይታየኛል። አንዲት ሴት «የሕፃን ጋሪም ይዟል» አለች። ሌላዋ ተቀበለቻት፦ «ሕፃኑስ የት አለ? ጋሪው እኮ ባዶ ነው!»

ሕፃን የሌለበት ጋሪ ይዞ፣ ልጆች በሚዋኙበት፣ ካሜራ የሚያበር ጥቁር ጎልማሳ። እነሱ ያዩትን እኔም አየሁት። ሁዲንጌ ትልቅ አይደለችም፤ ከእነዚያ ሰዎች አንዱ እኔ ያለሁበት ሆስፒታል የሚሠራ ቢሆንስ? ሴት ልጄ ትምህርት ቤቷ ድረስ ስሜ እንዲህ ሆኖ ቢደርሳትስ? እንዲህ ያለ ስም አንዴ ከወጣ በምን ይታጠባል? እያልኩ ሳስብ ጥንዚዛ አየር ላይ ተንገዳገደች። መሪውን አጥብቄ ያዝኩ።

በዚህ ላይ ልጆቹ ደግሞ ድምፅዋን ሰምተው ከውኃው እየሮጡ መጡ፤ ሣሩ ላይ፣ ልክ ከሥሯ፣ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ይዘላሉ። የማሳርፍባት ቦታ ያቺው ሣር ብቻ ናት። «ወዲያ! ወዲያ ሂዱ!» ብዬ ጮኽኩ። የእኔ ጩኸት ነገሩን አባሰው። ሰውዬው «በልጆቹ ላይ ይጮኻል!» ብሎ መቆጣጠሪያ ሳጥኑን ከእጄ ሊነጥቅ እጁን ሰነዘረ። ከነጠቀኝ ጥንዚዛ እንደ ድንጋይ ልጆቹ አናት ላይ ትወርዳለች፤ ክንፎቿ ደግሞ ካሮት ይቆርጣሉ፣ ሞክሬዋለሁ።

ጋሼ ታደሰ ሳምቡሳቸውን ጥለው ደረሱ።

«በእመቤቴ! በጾሟ! ተው ልጄ፣ ተው!» አሉና ሰውዬውን ከፊት ለፊት ደረቱን በሁለት ክንዳቸው ጠምጥመው ያዙት።

በእኛ ሰፈር ጠብ ሲነሣ ገላጋይ እንደሚኖር ሁሉም ያውቃል። የተቆጣው ሰው «ልቀቁኝ!» እያለ ይወራጫል፤ ገላጋይ ደግሞ በተወራጨ ቁጥር ያጠብቃል። ከለቀቁት የሚዋረደው ያው የተቆጣው ሰው ነው። ስዊድን ውስጥ ግን የማያውቁትን ሰው የሚነካ የለም፤ የነካ ደግሞ እንደመታ ይቆጠራል። ሰውዬው ተወራጨ፤ ጋሼም በደንቡ አጠበቁ። «ልቀቀኝ! ፖሊስ ጥሩ! እየደበደበኝ ነው!» ጋሼ ቋንቋውን ባይሰሙም ዜማውን ያውቁታልና «አይዞህ፣ ይበርድልሃል፣ ይበርድልሃል» እያሉ የበለጠ አቀፉት። አንዲት ሴት ስልክ ስታወራ ሰማሁ፦ «አዎ፣ ሁለት ናቸው። አዎ፣ አሁኑኑ።»

ልክ በዚያች ቅጽበት አንገቴ ላይ ያለችው ቲማቲም ጮኸች። ሁሉም ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ፤ ልጆቹ ግን አልሸሹም።

ዓለም ላይ ያለ ማንኛውም አብራሪ በዚያች ሰዓት ከእኔ የተሻለ አያደርግም ነበር። ጥንዚዛን ከልጆቹ አናት ላይ ቀስ አድርጌ ወደ ሐይቁ አዞርኳት። ሞተሮቿ ድምፃቸው መውረድ ጀምሯል። ሰው ከሌለበት ውኃ በላይ ስትደርስ መሪውን ወደ ታች ጫንኩት። አንድ ጊዜ ቦጭ አለችና ጠፋች። የአንድ ክረምት ልፋቴ።

ጋሼ ሰውዬውን ለቀቁት። እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱን አየሁት፤ ቀይ ሆኗል። አመሰግናለሁ የሚለኝ መስሎኝ ነበር።

«ማስረጃውን አሰመጥከው» አለኝ።

ይሄን አላሰብኩትም ነበር። ነፃ የሚያወጣኝ ነገር ቢኖር እነዚያ ፎቶዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ሐይቅ ውስጥ ናቸው። እኔ ብዙ ነገር ራሴን አስተምሬያለሁ፣ ዋና ግን አልችልም። «አውጣት!» አልኩት ሰውዬውን። «ዋናተኛ አይደለህ? አውጣና እይ!»

ለእኔ ብሎ አልገባም፤ ሊያጋልጠኝ ነው የገባው። ጠለቀና ባዶ እጁን ወጣ። እንደገና ጠለቀ። እኔ ባቡር ጣቢያ ልጁ የጠፋበት አባት መስዬ ዳሩ ላይ ቆሜያለሁ። ፖሊሶቹ፣ አንዲት ሴትና አንድ ወንድ፣ በጫካው መንገድ ሲመጡ እሱም አረንጓዴ የውኃ ሣር የተንጠለጠለባትን ጥንዚዛን ይዞ ከውኃው ብቅ አለ።

ፖሊሷ ሁላችንንም ሰማች። ለጋሼ ታደሰ የተናገርኩላቸው እኔ ነኝ። «ሊገላግሉ ነው» ብል ምን እንደሆነ አልገባትም፤ ግንባሯን ቋጠረች። ካሜራው ሞቷል። ፎቶዎቹን የያዘችውን ጥፍር የምታክል ካርድ ከውስጡ አውጥቼ በፎጣ ጠረግኋት፤ ከዋናተኞቹ አንዷ የራሷን ካሜራ ሰጠችን፤ ካርዱን ከተትኩ። ትሠራ ይሆን?

ሠራች። ሁሉም በፖሊሷ ትከሻ ላይ አንገታቸውን አሰገጉ። የጥድ ጫፍ። ውኃ። የእኔ ራሰ በራ። እንደገና ውኃ። ከወዲያ ጫፍ የሚዋኙት ሰዎች የሩዝ ፍሬ ያክላሉ፤ ወንዱን ከሴቱ የሚለይ ካለ ነቢይ ነው። ፖሊሷ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ እያገላበጠች ሄደች፤ እኔም በእያንዳንዱ ፎቶ ትንፋሼን ያዝኩ፤ ንጹሕ መሆኔን እያወቅኩ። ወደ መጨረሻው ስትደርስ አንዷ ላይ ቆመች።

ሣር፣ ክብ ሠርተው የቆሙ ሰዎች፣ መሀላቸው ባርኔጣ ያደረገ ሽማግሌ ቁምጣ የለበሰ ሰው አቅፎ። ከላይ ሲታይ ጠብ የሚባል ነገር የለበትም። ለዓመታት ተጠፋፍተው የተገናኙ ወንድማማቾች ናቸው።

ከዚያ የሰውዬው ሚስት ረጋ ባለ ድምፅ፣ «ቶርስተን፣ እኔን እንዲህ አቅፈኸኝ አታውቅም» አለች።

ፖሊሱ መጀመሪያ ሳቀ። ቶርስተን አልሳቀም፤ ጆሮው ግን ቀላ። ጥንዚዛን ሣሩ ላይ አስቀምጦልኝ ለጋሼ ታደሰ አንድ ነገር ተናገረና ሄደ።

«ምን አለ?» አሉኝ።

«ጉልበተኛ ሽማግሌ ነህ ይላል።»

«ባልጾም ኖሮ ያየኝ ነበር» አሉና ሳምቡሳቸውን ከሣሩ ላይ ለቀሙ።

ወደ ቤት ስንመለስ ባቡር ላይ ጋሪውን የሚያይ ሁሉ እኔን የሚያይ እየመሰለኝ እስከ ቬስቢ አንገቴን አላነሣሁም። ጥንዚዛን አድርቄ መልሼ አበረርኳት፤ እሱንም ማንም አላገዘኝም። ግን ዛሬም ድሮን ሲያልፍ ስሰማ ቀና ብዬ ከማየቴ በፊት ከኋላዬ እርምጃ አዳምጣለሁ።

ዮናስ ይህን ሁሉ ሲሰማ ቆይቶ ሳቀና፣ «እንግዲህ ጋሼ፣ ቅዳሜ እዚያው ሐይቅ ሄደን የእኔን እናብር» አለኝ። ቢጫ ሰደርያዬ ቁምሳጥን ውስጥ አለ። እጄም ዛሬ ድረስ ከእሱ እጅ የተሻለ ነው፤ ይህን ሳላየውም አውቃለሁ። ነገር ግን ዓይኔ እንደገና ፎቶው ላይ ሄደ። ጋሼ ታደሰ ካረፉ ሁለተኛ ፍልሰታ ሆነ።

«ሰው ቢመጣብንስ?» አልኩት።

«አይጨነቁ፣ ራሷ ትመለሳለች እኮ።»

«እሷማ ትመለስ» አልኩት። «እኔ የምጠይቅህ ሰውዬውን ማን ይይዘዋል?»