የወደቀ አይነሣም

ቀየት ገበያ ላይ የእምሩን ባና አንዴ የገዛ ሰው ከሌላ ሸማኔ አይገዛም። ሚስቱ የበጉን ጸጉር ትፈትላለች፣ እሱ ይሸምናል፤ አፉም እንደ እጁ ሁሉ ሥራ አይፈታም። ከዚህ ሁሉ ጨዋታው ጋር ግን አንድ ነገር ነበረበት። ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ በእማሆይ ወለተ ማርያም ደጅ ላለማለፍ ሲል ዳገቱን ዞሮ ይወጣል። ይህን ማድረግ ከጀመረ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው።

በ1953 ዓ.ም. የሚያዝያ 27 በዓል ሲደርስ መምህር አባይነህ ቤቱ ድረስ መጣ።

«ስለ ድሉማ በየዓመቱ ይፎከራል» አለው። «እርስዎ ስለ ሽንፈቱ ይንገሩልን። ምን ተማራችሁበት?»

እምሩ ደስ አለው። በበዓል ቀን አብዝቶ የሚፎክረው ያኔ ያልነበረው ሰው መሆኑ ሁልጊዜ ያናድደው ነበር።

በቀኑ ትምህርት ቤቱ ግቢ ቆሞ ጀመረ። «ነጭ ሸማችንን ለብሰን ወጣን፤ አውሮፕላኑ አንድ በአንድ ለቀመን። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ባና ሆነ ልብሳችን።» ተማሪዎቹ ሳቁ። እሱም አብሮ ሳቀና ወደ ዋናው ነገር ገባ።

«አለቃችን ፊታውራሪ ኃይለ ኢየሱስ መትረየስ ፊት ወደቁ። የጌታን ሬሳ ለጠላት መተው ነውር ነው። አንዱ ሊያነሣቸው ሮጠ፣ ወደቀ። እሱን ሊያነሣ ወንድሙ ሮጠ። እንዲህ እያልን በአንድ ሬሳ ዙሪያ አሥራ ዘጠኝ ሰው ጨረስን። ጠላት ከቦታው ንቅንቅ አላለም፤ ምን ቸገረው፣ እኛው እየሄድንለት! የተረፍነው በጀማ ወንዝ ገደል ውስጥ ተሰብስበን ማልን፤ መትረየሱ ዝም ሳይል የወደቀ አይነሣም። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌዎቹ ያን ቀን ሊያዩኝም አልፈለጉ።»

«መሐላው ተጠበቀ?» አለ መምህሩ።

እምሩ ቀና ሲል አጥሩ ሥር ድንጋይ ላይ እማሆይ ወለተ ማርያም ተቀምጠዋል፤ መቁጠሪያቸው በእጃቸው ነው። በዚያ መሐላ መጀመሪያ የተተወው አንድያ ልጃቸው ተክለጻድቅ ነበር። ሬሳውም አልተገኘም። በአንድ ጥይት፣ ሳይጨነቅ ነው የሞተው ብሎ የነገራቸው እምሩ ራሱ ነው። አሁን «አዎ፣ ተጠበቀ» ብሎ መቀመጥ ይችል ነበር። ሰውም ያጨበጭብለት ነበር።

«እማሆይ፣ ዋሽቼዎታለሁ» አለ። «ተክለጻድቅ ወዲያው አልሞተም። የተመታው እግሩን ነው። ‹እምሩ፣ አትተወኝ› እያለ ጠራኝ። ድምፁን እየሰማሁ ሰዎቹን ይዤ ወጣሁ። ስንመለስ አጣነው።»

መምህር አባይነህ መጠየቁ ቆጨው።

የእማሆይ ዓይን እንባ ሞላ፣ ግን አልፈሰሰም። «ያን ቀን ስንት ሆናችሁ ወጣችሁ?» አሉ።

«አሥራ አራት።»

«ስማቸውን ጥራልኝ።»

«አፈወርቅ» አለ እምሩ፤ እማሆይ አንድ የመቁጠሪያ ፍሬ አሳለፉ። «መርስዔ ኃዘን። ሸዋንዳኝ።» ይሄኔ የሸዋንዳኝ ልጅ ይዘንጋሽ ከተማሪዎቹ መሃል ድንግጥ ብላ እማሆይን አየቻቸው። አባቷ ከጦርነቱ በኋላ አግብቶ ነው እሷን የወለደው። እምሩ ስሞቹን ቀጠለ፤ በየስሙም ከተማሪው መሃል አንዱ አንገቱን ይደፋል። ሲጨርስ ላቡ ወርዶ ነበር።

«አሥራ ሦስት ነው የጠራኸው» አሉ እማሆይ።

«አንዱ እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ለምን ዘለልከው?»

እማሆይ የሚቀጥለውን ፍሬ በጣታቸው ይዘው ጠበቁት።

«ስምህን ጥራው እንጂ፣ ልጄ» አሉት።