የቄራ ጭልፊቶችና የእትዬ ጀማነሽ ሣር

እትዬ ጀማነሽን ቂርቆስ ውስጥ የማያውቃቸው የለም። ካዛንቺስ፣ አንድ ሆቴል ጀርባ ያለችውን ትንሽዬ የጎልፍ ሜዳ የሚንከባከቡት እሳቸው ናቸው። የሆቴሉን ስም አልጠራም፣ በቃ ጣጣ እፈራለሁ።

ሣሩ ላይ የአረምና የተባይ መድኃኒት ይረጩ ነበር። እጃቸው ተላልጦ ተላልጦ የልጃቸውን የሔለንን ፀጉር መሥራት እንኳን አቃታቸው። ነገሩ ሲመራቸው የሆቴሉን ማናጀር ኤልዳድን ለመኑት።

"ዘንድሮን ያለ መድኃኒት ልሞክረው፣ ልጄ።"

"እሺ እትዬ። ግን የዓመቱ የጎልፍ ውድድር ከተበላሸ ወደ መርጨቱ ይመለሳሉ።"

እትዬ ያደጉት ቄራ ነው። ማዳበሪያ ሲባል የሚታያቸው ፈርስ ነው፤ ማለቴ ከታረደ በሬ ሆድ የሚወጣው ሣር። ሣሩ ከበረታ አረሙን ራሱ ይውጠዋል ብለው በጆንያ አስጭነው አመጡ። መጀመሪያ ተከምሮ መብላላት ነበረበት፣ እሳቸው ግን ቸኩለው ትኩሱን በተኑት። ሽታው አይነሳ! ሣሩ ግን አበደ፣ እንደዛ አረንጓዴ አይቼ አላውቅም።

የውድድሩ ቀን አንድ ቦርጫም ሰውዬ ኳሷን መታ። ገና ስትንከባለል ጭልፊት ከላይ ተወርውሮ ይዟት ሄደ። ሌላ መታ፣ እሷም ሄደች። ለካ ፈርሱ ውስጥ ሞራ ነበረበት፣ የቄራ ጭልፊት ሠፈር ቀይሯል! ነጭ ኳስ ደግሞ ለጭልፊት ያው ሞራ ነው።

"ኧረ ኳሴን!" ሰውየው ወደ ሰማይ ይጮኻል።

"ዳኛ፣ ይሄ ስንት ነጥብ ነው?" ጓደኛው ይስቃል።

ኤልዳድ ላብ በላብ ሆነ። "እትዬ፣ ጉድ ሠሩኝ! ነገ ወደ መርጨቱ ይመለሳሉ!"

"ጭልፊት መድኃኒት አይፈራም። ከኩሽና ትርፍራፊ ሥጋ አስመጣልኝ።"

"ጭራሽ ልንቀልባቸው?"

"ቄራ ባለሉካንዳው እንደዚህ ነው የሚያደርገው። አንድ ጥግ ይወረውርላቸዋል፣ ከዛ ሥጋውን አይነኩበትም።"

ሥጋው መጣ። እትዬ ነጠላቸውን አሸርጠው ጄኔሬተር ቤቱ ጣራ ላይ ወረወሩት። ጭልፊቶቹ ተንጋግተው ወረዱ፣ ውድድሩም ቀጠለ። ግማሹ እንግዳ ግን ጎልፉን ረስቶ ጭልፊት ይቀርጻል።

ሲያልቅ ቦርጫሙ ሰውዬ ጫማውን አውልቆ ሣሩ ላይ ተዘረጋ። "አምና እዚህ ተቀምጬ ሳክክ ነው ያደርኩት። ዘንድሮ ምን አደረጋችሁት?"

ኤልዳድ እትዬን አያቸው፣ ተነፈሰ።

"በቃ፣ መድኃኒቱ ይቅር። ፈርሱን ግን አብላልተው ነው ከዚህ በኋላ።"

"አብላላዋለሁ። የተበተነው እስኪጠፋ ግን ጊዜ ይፈልጋል።"

"እስከዛስ?"

እትዬ ጣራው ላይ ወደተኮለኮሉት ጭልፊቶች ቀና አሉ። "እስከዛማ የምሳ ቀለብ ቁረጥላቸው።"