የወልደ ጻድቅ መሐላና የራቤል ችሎት

አቶ ወልደ ጻድቅን በመጀመሪያው ምርጫ የጣላቸው የገዛ ምላሳቸው ነበር። ሕዝቡ እንደራሴውን በድምፁ ይምረጥ በተባለበት በ1950 ዓመተ ምሕረት መስከረም፣ በግሼ ደጋ ከእሳቸው የተሻለ ተናጋሪ አልነበረም። ከጎልማሳነታቸው ጀምሮ የድኻ ጠበቃ ሆነው በየችሎቱ ቆመዋል። ተወዳዳሪያቸው ግራዝማች መኳንንት ግን ባለጸጋና ቤታቸው እንግዳ የማይለየው ሰው ቢሆኑም፣ በሰው ፊት ሲቆሙ ቃል ያጥራቸው ነበር።

ወልደ ጻድቅ ምክር ቤት መግባት የፈለጉበት ጉዳይ አንድ ነው። ጌታነሽ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት በርስት ክርክር ይግባኝ ብላ፣ እሳቸው ጠበቃ ሆነውላት ወደ አውራጃው ፍርድ ቤት ይመላለሱ ነበር። መንገዱ በበቅሎ የቀናት መንገድ ነው። አንድ ሐምሌ ወንዙ ሞልቶ ሁለቱም ከዳር ቆመው ዋሉ፤ እዚያው አደሩ። ውሃው ሲጎድል ቀጠሮው አልፎ፣ ጌታነሽ በሌለችበት ተፈርዶባት ደረሱ። ሴትዮዋ አላለቀሰችም። «ውሃው ነው የፈረደብኝ» ብላ ነጠላዋን አጣፍታ ተመለሰች። ከዚያ ቀን ወዲህ ወልደ ጻድቅ ዳኛው ራሱ የግሼ ከተማ ወደሆነችው ራቤል መጥቶ መቀመጥ አለበት የሚል ሐሳብ ያዛቸው፤ ያዛቸውና አልለቀቃቸውም።

ለምርጫው የመረጡት ምልክት የእህል ማዝሪያው መንሽ ነበር፤ የግራዝማች መኳንንት ፈረስ። ወልደ ጻድቅ በየደብሩ እየዞሩ፣ ሰው ከቅዳሴ ሲወጣ ጠብቀው ይናገራሉ። ባዕድ አለመሆናቸውን ለማሳየት ደግሞ በሄዱበት ሁሉ ትውልዳቸውን ይቆጥራሉ። በተለይ እናታቸው በተወለዱበት በጅብራ ሜዳ ማርያም፣ ከእናታቸው ተነሥተው፣ በሴት አያታቸው በኩል አልፈው፣ አገሩን እስካቀናው አባት ድረስ ሳይደናቀፉ ወጡ። ሕዝቡ ጸጥ ብሎ ሰማ። ወልደ ጻድቅ ዝምታው አድናቆት መሰላቸው።

እንዲህ ያለው ስሕተት ሌላ አገር ቢሠሩት ስሕተትም አይባል። በዚያ ደጋ ግን ርስት የሚገኘው በትውልድ ነው፤ በአባትም በእናትም ይመጣል። ሰው የሚወለደው በአንድ ቤት ይሁን እንጂ መሬት የሚጠይቅበት በር ብዙ ነው፤ ያያቶቹ ቁጥር የበሮቹ ቁጥር ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ከማያርስበት ደብር መጥቶ ሐረጉን ከቆጠረ ድርሻዬን ስጡኝ ሊል ነው። ጠበቃ ሲቆጥር ደግሞ ነገሩ አለቀ ማለት ነው። ወልደ ጻድቅ ይህን ከማንም በላይ ያውቁ ነበር፤ ስንቱን ርስት በዚህ መንገድ አስመልሰዋል። ሆኖም ሰው ከገዛ ጉሮሮው የሚወጣውን ድምፅ ሌላው እንደሚሰማው አይሰማውም። ጅብራ ሜዳ እስከ ሽማግሌው ወጥቶ ለፈረሱ ድምፁን ሰጠ። ሌሎቹም ደብሮች ተከተሉ።

የተሸነፉበትን ምክንያት የነገሯቸው የጅብራ ሜዳው መምሬ ገብረየሱስ ናቸው፤ ያውም ራቤል ገበያ ላይ፣ በግ እያገላበጡ። ለእንደራሴነት ብለው ርስት ሊያካፍሉን መጡ ተብሎ አገሩ እንቅልፍ አጥቶ እንደ ነበር፣ ገብሳቸውን ገና ሳያጭዱ ድንበር ያጠሩ ሰዎች እንደ ነበሩ እየሳቁ አወጉላቸው። ወልደ ጻድቅ አልሳቁም። ቤታቸው ገብተው ብዙ ጊዜ አሰቡበት። ከጅብራ ሜዳ ድምፅ ውጭ ምክር ቤት መግባት እንደማይቻል ገብቷቸዋል።

በሚቀጥለው ምርጫ ዋዜማ፣ በ1953 ሚያዝያ መጨረሻ፣ ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጥሩሸዋ የቆረጡትን ነገሩ። በልደታ ዕለት በጅብራ ሜዳ ደጀ ሰላም፣ በካህናቱ ፊት ሊምሉ ነው። ከአባታቸው ከወረሱት ከራቤል ዳሩ መሬት በቀር ከየትም ደብር፣ በእናትም በአያትም በኩል፣ ርስት አልጠይቅም ሊሉ ነው። ጥሩሸዋ የበግ ጸጉር ትፈትል ነበር፤ እንዝርቷን አላቆመችም።

«አንቱ የራስዎን ይማሉ። የልጆቼን ግን ማን ሰጠዎት?»

«የእኔ ካልሆነ የእነሱ ከየት ይመጣል?»

«ከአያታቸው ነዋ። አንቱ እኮ በመካከል ያለፉ መንገደኛ ነዎት።»

ያም ሆኖ በልደታ ማለዳ በቅሏቸውን ጭነው ሄዱ። በደጀ ሰላሙ ቆመው ማሉ፤ መምሬ ገብረየሱስ መሐላውን በግዝት አሰሩት። ከዚያ በኋላ የተናገሩት አጭር ነበር። ዳኛ ወደ ራቤል አመጣለሁ አሉ፤ ሌላ ምንም ቃል አልገቡም። በሰኔ ድምፅ ሲሰጥ ጅብራ ሜዳ ለመንሹ ወጣ፤ ወልደ ጻድቅም አሸነፉ።

አዲስ አበባ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ውስጥ የነበራቸው ታሪክ ለመጻፍ አይበቃም ይላሉ የሚያውቋቸው። ሌሎቹ ስለ ጉምሩክ ሲከራከሩ ዝም ይላሉ፤ ስለ ብድር ስምምነት ሲነበብ ያዳምጣሉ። ስለ ፍርድ ቤት ወይም ስለ በጀት የተነሣ እንደሆነ ግን እጃቸው ከሁሉ ቀድሞ ይወጣል፤ ሐሳባቸውም ሁልጊዜ አንድ ነው። ከደቡብ የመጡ አንድ እንደራሴ ከጎናቸው ተቀምጠው፣ «የተከበሩ ወልደ ጻድቅ፣ ዛሬም ራቤል ናት?» ይሏቸው ነበር። «ትናንት ያለችበት ናት፤ አልተነሣችም» ይመልሳሉ። ሹማምንቱ ጉዳዩ ይታይልዎታል ይሏቸዋል። ጉዳዩ አልታየም። አራቱ ዓመት እንዲህ አለቀ።

በ1957 ባዶ እጃቸውን ተመልሰው ለሦስተኛ ጊዜ ተወዳደሩ። ራቤል ገበያ ላይ ሲናገሩ አንድ የእህል ነጋዴ ከመሐል ቆሞ፣ «ጋሼ ወልደ ጻድቅ፣ መንሽዎ አራት ዓመት ገለባ በተነ፤ ምርቱ የታል?» አላቸው። ሰው ሳቀ። ወልደ ጻድቅ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቀው፣ ምርቱ ገና አውድማው ላይ እንደሆነ፣ ያጡት ነፋስ እንደሆነ፣ ነፋሱም እስኪመጣ ከአውድማው ንቅንቅ እንደማይሉ ነገሩት። አላባበሉትም፤ ሠርቻለሁም አላሉ። በጠባብ ልዩነት አለፉ። ልዩነቱን የሰጣቸው ጅብራ ሜዳ ነበር።

ነፋሱ በ1959 መጣ። የወረዳ ዳኛ ራቤል እንዲቀመጥ ተፈቀደ። ችሎቱ የተከፈተው በጓሳ ሣር በተከደነ የኪራይ ቤት ነው፤ ዳኛው ከብርዱ የተነሣ በካፖርታቸው ላይ የበግ ጸጉር ባና ደርበው ይቀመጣሉ። የመጀመሪያው ቀን ወልደ ጻድቅ በር ላይ ቆመው ባለጉዳዩን ሁሉ ሲያዩ ዋሉ። ከሩቅ የመጣ ሰው ጉዳዩን አሰምቶ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ከብቶቹን ለማስገባት ቤቱ ሲመለስ አዩ። ለእሳቸው የዚህ ዓለም ሥልጣን ፍሬ ይኸው ነበር። ይሁንና የመጣ ዳኛ ሊነሣ ይችላል። ለኪራዩም ለዳኛውም ደመወዝ በየዓመቱ የሚሟገት ሰው ምክር ቤት ውስጥ ካልኖረ ችሎቱ እንደ ክረምት እሳት ነው፤ ካልቆሰቆሱት ይጠፋል። ስለዚህ አራተኛውን ምርጫ ከሁሉ አብልጠው ፈለጉት።

ምርጫው በሰኔ 1961 ሊሆን ሚያዝያ ላይ የበኩር ልጃቸው ዳኜ ከሰሰ። አግብቷል፤ ወልዷል። የራቤል ዳሩ መሬት ለወንድማማቾቹ ቢከፋፈል ለጥማድ መዞሪያ አይበቃም። የከሰሰው በጅብራ ሜዳ፣ በሴት አያቱ በኩል ያለውን ድርሻውን ነው፤ የከሰሰውም አባቱ ባመጡት ችሎት ነው።

ወልደ ጻድቅ አስጠርተው ተቆጡት፤ ለመኑትም። እስከ ሰኔ እንኳ እንዲያቆየው ጠየቁት። ዳኜ ራሱን ዝቅ አድርጎ እስከ መጨረሻው ሰማቸው።

«አባባ፣ ችሎቱን ያመጡት ለማን ነው?» አለ። «ለሰው ሁሉ ከሆነ እኔም ሰው ነኝ። ወረፋዬ ሚያዝያ ላይ ደረሰ።»

የጅብራ ሜዳ ሽማግሎች ለክሱ መልስ ሲያቀርቡ፣ የወልደ ጻድቅ ሴት አያት የቤቱ ልጅ ሳትሆን በማደጎ ያደገች ናት አሉ። የማደጎ ልጅ ደም የለውም፤ ሐረጉ እዚያ ላይ ይቆረጣል። እውነቱን የሚያውቁ አሮጊቶችና አረጋውያን አልቀዋል። በሕይወት ካሉት ሐረጉን አጣርቶ የሚቆጥረው አንድ ሰው ነው፤ ዳኜም ያንን ሰው በምስክርነት ጠራ።

በችሎቱ ዋዜማ መምሬ ገብረየሱስ ወልደ ጻድቅ ቤት መጡ። የቀረበላቸውን ጠላ ሳይነኩ ጉዳያቸውን ተናገሩ። ውሸት ይናገሩ አላሉም።

«አላውቅም ይበሉ። ከዚያ በላይ ማንም አይጠይቅዎትም። በሰኔ ደግሞ አገሩ እንደ አንድ ሰው ይወጣልዎታል።»

«መምሬ፣ በቤተ ክርስቲያንዎ ደጃፍ ቆሜ ስቆጥር አልሰሙኝም?»

«ሰማን እንጂ። ስለሰማን አይደል የተሸነፉት።»

«ያኔ ለድምፅ ብዬ የቆጠርሁትን ዛሬ ለድምፅ ብዬ ልርሳው?»

መምሬ ተነሡ። ወልደ ጻድቅ እስከ በር ሸኟቸው፤ መስቀል ተሳለሙ።

በማግሥቱ ቤቱም ደጁም በሰው ተሞላ። ዳኛው አስምለው፣ የከሳሹን አያት ትውልድ ያውቁ እንደሆነ ጠየቁ። ወልደ ጻድቅ ዐይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ጀመሩ። የሴት አያታቸው የተወለዱበትን ቤት፣ ክርስትና የተነሡበትን ታቦት፣ የአያታቸውን አባት፣ የእሱንም አባት፣ እያሉ አገሩን እስካቀናው ድረስ ወጡ። እንደ ድሮው በድምፃቸው አልተጫወቱበትም። ሲጨርሱ ቀና ብለው፣ «እኔ አልጠየቅሁም፤ አልጠይቅምም» አሉ። ይህ ለዳኛው አልነበረም፤ ዳኛውም አልጻፉትም። ከኋላ የቆሙት የጅብራ ሜዳ ሰዎች ፍርዱን ሳይጠብቁ ወጡ። ለዳኜ ተፈረደለት።

መሐላ አፍን እንጂ ደምን አያስርም ብሎ የሚፈርድላቸው ሊቅ ይገኝ ይሆናል። ጅብራ ሜዳ ግን ሊቅ አልጠየቀም። ያየው ነገር ቀላል ነው፦ አባት ማለ፤ ልጅ ወሰደ፤ አባት መሰከረ። ወልደ ጻድቅም ይህን በሰዎቹ ቦታ ሆነው ሲያስቡት ተንኮል እንደሚመስል አይተውታል። ወዳጆቻቸው ከምርጫው ውጡ፣ በክብር ቅሩ አሏቸው። እምቢ አሉ። የሚጠሏቸው ሰዎች ፊት ለፊት አይተዋቸው ይጥሏቸው ዘንድ ፈለጉ፤ ፊት ለፊት ካዩአቸው ምናልባት አንዳንዱ ይመለስ ይሆናል ብለውም ተስፋ አደረጉ።

ሰኔ መግቢያ ላይ ጅብራ ሜዳ ሄዱ። ወንዶቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ተቀመጡ። ወልደ ጻድቅ ስለ ችሎቱ፣ ችሎቱን ስለ ማቆየት ተናገሩ። ሲጨርሱ መምሬ ገብረየሱስ፣ «ሌላ ልጅ አለዎት?» አሉ።

«አሉኝ።»

«እንግዲያው ሁሉም አንድ ጊዜ ይምጡብንና እንረፍ።»

አንዳንዱ በጋቢው ውስጥ ሳቀ። ወልደ ጻድቅ ድምፃቸውን ሳያነሡ መለሱ። «ቢመጡ፣ እናንተ በእውነት የምትከራከሩ ከሆነ በልጆቼ ላይ እኔው እመሰክርላችኋለሁ። በሐሰት ከሆነ ግን ለምስክርነት አትጥሩኝ።»

ሰዎቹ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ድምፁ ሲቆጠር ፈረሱ አሸነፈ። ጅብራ ሜዳ ለመንሹ የሰጠው ድምፅ በአንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጥ ሰው አይሞላም። ወልደ ጻድቅ ግራዝማች መኳንንት ቤት ሄደው እንኳን ደስ ያለዎት አሉ፤ ቀጥለውም ችሎቱን አደራ አሏቸው። በየዓመቱ በጀቱ ሲነሣ መቼና ለማን ማመልከት እንደሚገባ፣ የትኛው ሹም ይታያል ብሎ እንደሚሸኝ፣ የትኛው እንደሚሰማ አንድ በአንድ አስረዷቸው። ግራዝማች ግራ ገብቷቸው አዩአቸው።

«ችሎቱን ያነሡታል ብለው ነው የፈሩት?» አሉ። «አይፍሩ። እኔም እዚያ ክርክር አለኝ።»

በቀጣዩ የችሎት ቀን ወልደ ጻድቅ ጠበቃ የሆኑለትን አንድ ከቆላው የወጣ ባለጉዳይ ይዘው ማልደው ደረሱ። ዝናቡ ገና አላባራም። በጓሳው ጠፈጠፍ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ የጅብራ ሜዳዎቹ፣ መምሬ ገብረየሱስን በመሐል አድርገው ተቀምጠዋል፤ የዳኜ ድርሻ ከየት እስከ የት እንደሚለካ ሊከራከሩ ነው የመጡት። ማንም አልተነሣላቸውም። ወልደ ጻድቅ እጅ ነሥተው ከአግዳሚው ዳር ተቀመጡና ለባለጉዳያቸው የሚናገረውን ቀስ ብለው ያስጠኑት ጀመር። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ የባለጉዳያቸውን ስም ሲጠራ፣ ነጠላቸውን አደግድገው ቀድመው ገቡ።