በሰው አገር የተያዘችው ጉንዳን

ሠፈሩ «ጋሼ ያልጠረጠረ» ይላቸዋል። ተረቱን ጀምረው መጨረሻውን ለሰሚ የመተው ልማድ ስላላቸው ነው። አዲስ ሰው ወደ ሱቁ ሲገባ በመነጽራቸው አናት አሻግረው ያዩና «ያልጠረጠረ…» ይላሉ፤ ብረት መያዣው ሞርሳ አጠገብ የቆመው ሠራተኛ «…ተመነጠረ» ብሎ ይዘጋላቸዋል። ሰላምታቸው ይኸው ነው።

ሙያቸው ጓጉንቸር መሥራት ነው። የብረት ብናኝ በሚሸት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ጀርባቸውን ለግድግዳ ፊታቸውን ለበሩ ሰጥተው ሠላሳ ዓመት ሠርተዋል። ከእጃቸው በሚወጣው በእያንዳንዱ ጓጉንቸር ደረት ላይ አንዲት ጉንዳን ይቀረጻል። «ለምን ጉንዳን?» ሲባሉ፣ «አንገቷ ቢበጠስ እንኳ የነከሰችውን አትለቅም» ይላሉ። ገበያ ውስጥ ሰው «ጓጉንቸር ስጠኝ» አይልም፤ «ጉንዳን ስጠኝ» ነው የሚለው።

ፈላጊው ሲበዛ ንግዱን የሚመራው ታናሽ ወንድማቸው ጓጉንቸሩን ባሕር ማዶ ለማሠራት ቆረጠ። የወንድምየው ልጅ ጠበቃ ናትና ነገሩን ቀድማ አሰበችበት።

«ጋሼ፣ ናሙናው ከመሄዱ በፊት ጉንዳኗን እዚያው አገር እናስመዝግባት። እዚህ ያስመዘገብነው ድንበር አይሻገርም። እዚያ ደግሞ መብቱ የቀደመው ሰው ነው፤ ቀድሞ ያስመዘገበ ይወስደዋል።»

«እዚያው? የሚሠሩልን ሰዎች አገር?»

«አዎ።»

«እና ሌባው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሣጥኔን ልክፈት? መዝገብ ቤት ማን አለ? ጸሐፊ። ጸሐፊው የአክስት ልጅ የለውም? የአክስቱ ልጅ ፋብሪካ ውስጥ አይሠራም?»

«የሚፈልጉት ሥዕሏን ነው እንጂ የጓጉንቸሩን ሆድ ዕቃ ማን ጠየቀዎት!»

«ዛሬ ሥዕሏን ይላሉ፤ ነገ ሆድ ዕቃዋን።»

ወንድምየው ሳቀ። «ተዪው ልጄ። ጋሼ ሲወለድ እንኳ አዋላጇን ‹ማን ላከሽ?› ብሎ ነው የወጣው።»

ሳቁ ነገሩን ሸፈነው፤ ምዝገባው ቀረ።

ጋሼ ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ የራሳቸውን ጥበቃ አበጁ። የጓጉንቸሩ ምስጢር አንዲት የተጣመመች ሞላ ነበረች፤ እሷን ከንድፉ ላይ አስቀሯት። ባዶው አካል ባሕር ማዶ ይሠራል፣ ሞላዋን እሳቸው እዚሁ በእጃቸው ይከቷታል። የፋብሪካው ሰው ናሙናውን ሊረከብ በመጣ ዕለት ደግሞ አንድ ወረቀት ዘረጉለት። «ጉንዳን የተቀረጸበትን፣ የእነዚህ ሰዎች የሆነውን ጓጉንቸር ከሠሪው እጅ ተረክቤአለሁ» ይላል። ወንድምየው እያፈረ አስተረጎመ። እንግዳው ፈገግ ብሎ ቃሉን በራሱ ቋንቋ ከሥር ደገመው፣ ፈረመ፣ ከኪሱም ትንሽ ማህተም አውጥቶ መታበት። ጋሼ ወረቀቱን ብረት ሣጥናቸው ውስጥ ከተው ቆለፉ፤ ቁልፉን አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ።

አንድ ዓመት በሰላም አለፈ። ከዚያ ከፋብሪካው የሚመጣው ብረት እየሳሳ ሄደ፤ ወንድምየው ሥራውን እዚያው ከተማ ላለ ሌላ ፋብሪካ ሰጠ። አዲሱ ፋብሪካ የሠራው የመጀመሪያ ጭነት ሊወጣ ወደብ ሲደርስ የዚያው አገር ጉምሩክ ያዘው። ደብዳቤው አጭር ነበር፤ ጉንዳኗ በዚያ አገር በሌላ ሰው ስም የተመዘገበች ናት ይላል። ያ ሌላ ሰው ፈገግ ብሎ የፈረመው የመጀመሪያው ባለፋብሪካ ነው። ያስመዘገባትም ናሙናውን በተረከበ በሦስተኛው ሳምንት።

ጥርጣሬ እንደ ቤት ውሻ ነው። የታሰረበትን በር ነቅቶ ይጠብቃል፤ በሌላኛው በር ስለሚወጣው ዕቃ ግን አይጮኽም። ጋሼ የጓጉንቸሩን ሆድ ሲጠብቁ ስሙ ተወሰደ። ሞላዋን እስከ ዛሬ የነካት የለም።

እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠየቁት «ማን ነገረው?» ብለው ነው። ወንድማቸውን አዩ፤ ሠራተኛውን አዩ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ወንድማማቾቹ ከአንድ ማንቆርቆሪያ ሻይ አልጠጡም።

«ማንም አልነገረውም፣ ጋሼ» አለች የወንድማቸው ልጅ፣ መጥታ ሞርሳው አጠገብ ባለችው ዱካ ላይ ተቀምጣ። «ጉንዳኗ ጓጉንቸሩ ደረት ላይ ተቀርጻ ነበር እኮ። አሁን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን። በክፉ ልቡና የተመዘገበ ምልክት ይሰረዛል፤ ሰውየው የእኛ መሆኗን እያወቀ እንደወሰዳት ማሳየት አለብን። ውሉ ስለ ብዛትና ስለ ቀን እንጂ ስለ ጉንዳኗ አንድ ቃል የለውም። ያ ያስፈረሙት ወረቀት የት አለ?»

«የቱ ወረቀት?»

«አባዬ የሚስቅበት። ዋናው ነው የሚፈለገው፤ እዚያ ላለው ጠበቃ ይላካል።»

«አላስታውስም» አሉ፤ ቁልፉ ደረታቸው ላይ ተንጠልጥሎ።

በሦስተኛው ቀን ወንድምየው ተስፋ ቆርጦ ገባ። «በቃ ጋሼ፣ ጉንዳኗን እናስፍቃት። ምልክት ከሌለው ጉምሩክ ይለቀዋል። ያለ ስም እንሸጠዋለን።»

«እናስፍቃት?»

«ምን አማራጭ አለን? እስቲ አንዱን ፍቀህ እየው።»

ጋሼ ከመደርደሪያው አንድ ጓጉንቸር አንስተው ሞርሳው ላይ አሰሩ፤ ሞረዱን ያዙ። መጀመሪያ እግሮቿ ሄዱ፣ ቀጥሎ ወገቧ፤ ጭንቅላቷ እንቢ ብላ ትንሽ ቆየች። ሁሉም ሲያልቅ ጓጉንቸሩን አውጥተው በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት። ሞላው ያው ነው፣ ክብደቱ ያው ነው። ነገር ግን ማንም ሊሠራው የሚችል፣ የማንም ያልሆነ ብረት ሆኗል። ሠላሳ ዓመት የሠራ እጅ «ይህ የእኔ ነው» የሚልበት አንዲት ነጥብ አጣ።

«ልጅህን ጥራት» አሉ።

ስትመጣ ሣጥኑ ክፍት ነበር። ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ ማህተሙን በጣቷ ነካችው።

«ይኼ ሁሉ ቀን እዚህ ነበር?»

«ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

«ያን ቀን እናስመዝግባት ስትዪ እንቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ወረቀቱ ሲወጣ ያም አብሮት ይወጣል።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠርዝ ወለወሉ። «የሰው ሌብነት ከራስ ጥፋት ይቀላል፣ ልጄ። ሌባውን ትሰድቢዋለሽ፣ ይወጣልሻል። ራስሽን ምን ትዪዋለሽ?»

ወረቀቱን ወደ ቦርሳዋ ልትከት ስትል እጇን ያዙት።

«ፈርሚ።»

«ምን?»

«መረከብሽን ነዋ!»

ሳትስቅ ጻፈችላቸው፤ ሳትስቅ ፈረመች። የእሷን ወረቀት ሣጥኑ ውስጥ ከተው፣ ጉንዳን በሌለው በዚያ በተፋቀው ጓጉንቸር ቆለፉት።

በሰባተኛው ወር ምዝገባው ተሰረዘ፤ ጉንዳኗ በዚያ አገርም በእነሱ ስም ተጻፈች፤ ጭነቱም ተለቀቀ። ዋናው ወረቀት ግን እዚያው መዝገብ ውስጥ ቀረ። ስለዚህ የወንድማቸው ልጅ ብቅ ባለች ቁጥር ከሰላምታ በፊት «ወረቀቴስ?» ይሏታል። «መዝገብ ውስጥ ነው ጋሼ፣ አይወጣም» ስትል የተፋቀውን ጓጉንቸር በጣታቸው መታ መታ ያደርጋሉ፤ ፊርማሽ እኔ ዘንድ አለ ማለታቸው ነው።

ባለፈው ሰሞን አዲስ ዓይነት ጓጉንቸር ሠሩ። ንድፉን ጠቅልለው በሸሚዛቸው ውስጥ ደብቀው፣ ለማንም ሳያሳዩ ቢሮዋ ድረስ በእግራቸው ሄዱ። በሩን ዘጉ፤ መስኮቱንም ዘጉ።

«ናሙናው ሳይወጣ፣ በሚሠራበትም በሚሸጥበትም አገር አስመዝግቢው» አሉ፤ ንድፉን ጠረጴዛዋ ላይ እየዘረጉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው፣ ግድግዳው እንዳይሰማ በሹክሹክታ፦

«ሞላዋን ግን አልሳልኳትም።»