ሾክ አብዞርበሩን ያስገጠምሁት እኔ ነኝ

ይህን ለባሌ አልነገርሁትም፤ ሳይሰማው ሞተ። ለልጄም አልነገርኋትም። አሁን ለእናንተ ስናገር አትዘኑልኝ።

ባሌ አንዲት አሮጌ የስፖርት መኪና ነበረችው፤ ቀይ፣ ባለ ሁለት በር፣ መሬት ልትነካ የደረሰች ዝቅተኛ። ከተማችን መርሳ ላይ እሷን የማያውቅ አልነበረም። የመንገዱን ንጠት የሚያበርዱት የኋላ ሾክ አብዞርበሮቿ ዘይታቸው ፈስሶ መንገድ ላይ ስትዘል፣ ባሌ "የራሷ እቃ እስኪገኝ ትቁም" ብሎ አቆማት። እኔ ግን የልጄ ሰርግ ደርሶብኝ ነበር። ልጄ በዚያች መኪና ሙሽራው ወዳለበት ወልድያ ካልገባች ሰው ምን ይለኛል አልሁ። ለልጄ አስቤ ነበር? አይደለም፤ ለራሴ ነበር።

ባሌ ለሥራ ወልድያ ሲሰነብት ደሴ ሄጄ የሌላ መኪና ሾክ አብዞርበር ገዛሁ፤ ለመካኒኩ ለሰይድ ወሰድሁለት። በእጁ ጫን ጫን አድርጎ ሞከረውና ሳቀ።

"እትየ፣ ይኼ እኮ የጭነት መኪና ነው። ይቺን ሙሽራ መኪና ግመል ሊያደርጓት ነው?"

"ልኩ አይደለም እንዴ?"

"ልኩስ ልክ ነው፤ ግን ደረቅ ነው። ኩርባ ላይ ጉድጓድ ካገኘች ጎማዋ መሬት ይለቃል። ጋሼ ያውቃሉ?"

"እሱ ነው የላከኝ" አልሁት።

ዋሸሁ። የሚስትን ቃል እንደ ባል ቃል ቆጥሮ ገጠመው። ባሌ ሲመለስ ደግሞ "ሰይድ የራሷን እቃ አግኝቶ ገጠመላት" አልሁት። እንደገና ዋሸሁ።

በማግስቱ ባሌ ወደ ውርጌሳ ነዳት። ኩርባ ላይ ጉድጓድ አግኝታ ተገለበጠች፤ እግሩ ተሰበረ።

አበጋሮቹ፣ ጠብ የሚያበርዱ ሽማግሌዎቻችን፣ ግቢያችን ውስጥ ተቀመጡ። ባሌ የተገጠመው የጭነት መኪና እቃ መሆኑን አውቆ "አታለለኝ" ብሎ ሰይድን ከሰሰ። እኔ ከበሩ ኋላ ሆኜ እሰማለሁ።

"ታዝዤ ነው" አለ ሰይድ።

"ማን አዘዘህ?" አሉት አበጋሮቹ።

ወደ በሩ አየ፤ ስሜን ግን አላወጣም። ትዳሬን እንዳያፈርስ ፈርቶ ይመስለኛል።

"እንግዲያው አላታለልሁም ብለህ ማል።"

"ለመኪና ብረት ብዬ በአላህ ስም አልምልም።"

እኛ ዘንድ ማል ተብሎ ያልማለ እንዳመነ ይቆጠራል። ሰይድ ድንጋይ ተሸክሞ ባሌ እግር ሥር ወደቀ። ባሌም ይቅር ብሎ "አፉ ብዬሃለሁ" አለው። ያላጠፋው ሰው አፉ ሲባል እኔ ምን አልሁ? ምንም። ማን ከለከለኝ? ማንም። በሩ እንኳ አልተዘጋም ነበር።

ከዚያ በኋላ መኪናውን ለሰይድ የሚሰጥ ጠፋ። ጋራዡን ዘግቶ ወደ ሐራ ከተማ ሄደ። ዛሬም እዚያው እንዳለ እሰማለሁ፤ አርጅቷል። ልጆቹ ወደ መርሳ ሲመጡ "የአታላዩ ልጆች" ሲሏቸው በጆሮዬ ሰምቼ አልፌያለሁ።

የሰውን ሐቅ አላህም ባለቤቱ ካልተወው አይተወውም ይባላል። ሐራ ሩቅ አይደለም። ሄጄ በጓዳ ብለምነው አፉ ይለኛል፤ አውቀዋለሁ። ያ ለእኔ እረፍት ነው፤ የእሱ ስም ግን እንደ ጎደፈ ይቀራል። ስለዚህ አስቀድሜ በአደባባይ ተናገርሁ። ሰይድ ማንንም አላታለለም። ለእሱም ለባሌም የዋሸሁት እኔ ነኝ።

ልጄ ይህን ታነባለች። አባቷ በሰርጓ ዕለት ለምን በምርኩዝ እንደ ቆመ ታውቃለች። ትወቀው።